ሁለተኛው ቅጽ

«ይህ ነገር ከቤታችን ከሥሩ ቢነቀልልን፣ ዶክተር፣ እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ ዐብዲኑር። ይህን ሲናገር ታናሽ ወንድሙ አብሽር አጠገቡ ተቀምጧል፤ የአምስት ዓመት ልጁን ዒፍራህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ የወንድሙን ፊት ያያል። አብሽር ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። የዒፍራህም እንደዚያው ነው። «ይህ ነገር» የተባለው የእነሱ ጉዳይ ነው፤ በክፍሉ ካሉት ሰዎች መካከል ያልሰሙትም እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

አብሽር ዓይኑን ከወንድሙ ፊት አንሥቶ ወደ ሚስቱ እጆች አዞረ። ዑባህ ትሰማለች። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ሰባት ዓመታት የሰው አፍ የተናገረውን በእጇ ለእሱ፣ የእሱ እጅ የተናገረውን በአፏ ለሰው ስታደርስ ኖራለች፤ በቀበሌ፣ በባንክ፣ በለቅሶ ቤት፣ በገበያ። አሁንም እጆቿን አነሣች። «መንቀል» የሚለው ቃል ምልክት አለው፤ ያስተማራት ራሱ አብሽር ነው፣ አንድ ቀን የግቢያቸውን አረም ሲያርሙ። እጆቿ ደረቷ ፊት፣ አየር ላይ፣ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ «ልጃችንን በጣም እንደሚወዳት ለሐኪሙ እየነገረው ነው» አለች። አብሽር ራሱን ነቀነቀና መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ወንድሙን አመሰገነው። ዐብዲኑርም ለምን እንደተመሰገነ ሳያውቅ፣ በሂና የቀላ ጢሙን ዳሰስ አድርጎ አጸፋውን መለሰ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከካራማራ በኩል የሚመጣው የጅግጅጋ ነፋስ መስኮቱን ይገፋዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይገፋዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የላስቲክ ጆሮ ስስ አቧራ ለብሷል። ዶክተር ናሁሰናይ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሲናገርም እንደ ሌሎቹ ወደ ዑባህ ሳይሆን ወደ አብሽር ያያል። ዑባህ ስለዚህ ነገር ትወደዋለች። ዛሬ ግን ይህ የሐኪሙ አመል ከበዳት፤ ያልተላለፈውን ቃል እሱ ያወቀባት መሰላት።

«የዒፍራህ ጆሮ ድምፁን ይቀበላል» አለ ዶክተሩ። «የጎደላት ከጆሮ ተቀብሎ ወደ አእምሮ የሚያቀብለው ነው። ዘረመል የሚባለውን፣ ሰውነታችን የሚሠራበት ጽሑፍ ነው በሉ። በእሷ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቃል ተሳስታለች። ሐኪሞቹ ትክክለኛዋን ቃል፣ በሽታ እንዳያመጣ በተደረገ ቫይረስ አስጭነው ወደ ጆሮዋ ያስገቧታል። መጀመሪያ አንዱ ጆሮ፣ ቆይቶ ሌላው።» ዑባህ ለዘረመል ምልክት ስላልነበራት በጣት ፊደል አንድ በአንድ ጻፈችለት። አብሽር ጥቂት አሰበና «ቃሏ የተሳሳተችው ከማን ወገን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙም «ከሁለቱም። አንዷ ከአባት፣ አንዷ ከእናት። ሁለት ሲሆኑ ነው ጆሮ የሚዘጋው። አንድ ብቻ የያዘ ሰው ይሰማል፤ መያዙንም አያውቅም» አለ። ዑባህና አብሽር የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። የሐኪሙን ቃል ስታስተረጉም፣ «እናት» ስትል ጣቷ ወደ ራሷ ደረት ዞረ፤ ያኔ ገና ገባት። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ በወንዙ ማዶ፣ እሷ በወንዙ ወዲህ ሆነው የሚተያዩ ይመስላት ነበር፤ ለካስ ውኃው በእሷም ሥር ያልፋል።

ሕክምናው ባሕር ማዶ ባለ ሆስፒታል የሚደረግ ጥናት ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ጥናቱ ነው። ዶክተሩ አላጋነነም። ከተሰጣቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ሰምተዋል፣ ጥቂቶቹ አልሰሙም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች እራሳቸው ገና ልጆች ናቸውና፤ ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ቢሰጣትም ንግግር ለመልመድ ይከብዳታል። ከዚያ ሁለት ቅጾች አወጣ። የመጀመሪያው የዒፍራህ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ለሌላ ጥናት ነው፤ የመላ ቤተሰቡ ደም ተቀምጦ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከመወለዱ በፊት በማኅፀን ወይም በላቦራቶሪ ለይቶ ለማወቅና ወላጆች እንዲመርጡ ለማድረግ የሚውል። «ሁለተኛውን ባትፈርሙ የመጀመሪያው አይቀርባችሁም። ይህን ደግሜ እነግራችኋለሁ፤ አይቀርባችሁም» አለ። «ነገር ግን ወረቀቶቹ ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ስለሚሄዱ፣ የምትፈርሙ ከሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ አለሁ።»

«እኔ ሁለተኛውን ፈርሜያለሁ» አለ ዐብዲኑር። የዑባህ የአራት ወር እርግዝና በጅልባቧ ሥር ገና አይታወቅም፤ እሱ ግን ወደዚያው አየ። «ለሚመጣውም ይጠቅማል።»

ዑባህ ይህንንም አላስተረጎመችም። መስኮቱን ለመዝጋት ተነሣች።

ዐብዲኑር ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆን ኖሮ ለዑባህ በቀለላት። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አባታቸው ሲሞት አብሽርን መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት የላከው፣ የብየዳ ማሽኑን የገዛለት እሱ ነው። ይህን ጥናት ከሰው ሰምቶ፣ ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ጠንቶ፣ የሁሉንም ደም አስመርምሮ ዒፍራህን ያስገባትም እሱ ነው። ዑባህ ቅጾቹን ይዛ ከክሊኒኩ ሲወጡ ዐብዲኑር ዒፍራህን አንሥቶ ግንባሯን ሳማት፣ የደረቀ ቴምር ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ የወንድሙን ትከሻ ቸብ አድርጎ በመኪናው ሄደ። በሁለቱ መካከል ምንጊዜም ሰላምታው ያው ትከሻ መምታት ነው። አብሽር ወደ ብየዳ ቤቱ በእግሩ ሄደ፣ ዑባህና ዒፍራህ ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩ ወደ ቤታቸው መቶ ብር ጠየቀ፣ በሰማንያ ተስማሙ። መንገዱ ላይ አቧራው ተነሥቶ ሱቆቹን፣ የግመል ወተት ሻጮቹን ቢጫ ጀሪካኖች፣ የመስጊዱን ሚናሬት ሁሉ እንደ ስስ መጋረጃ ሸፈናቸው፤ ከተማው በሩቅ የሚታሰብ እንጂ የሚነካ አይመስልም ነበር። ዒፍራህ ቴምሯን እየመጠጠች፣ በሌላ እጇ ለአቧራው የሆነ ነገር ታወራዋለች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ አብሽር ራሱ የበየደው ሰማያዊ ብረት ነው። ደጅ ያለው ማብሪያ ሲጫን ደወል አይጮኽም፣ ሳሎን ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራል። በዚህ ቤት ሰው የሚጠራው ወለሉን በእግር ረገጥ በማድረግ ነው፤ ንዝረቱ ቁልቁል ይሄዳል፣ በሲሚንቶው በኩል እግር ሥር ይደርሳል፣ የተጠራው ቀና ይላል። መጀመሪያ ሙሽራ ሆና ስትገባ ይህ ዝምታ አስጨንቋት ሬድዮ ከፍታ ነበር የምትውለው። አሁን ሬድዮው የት እንደገባ አታውቅም። ከመሥሪያ ቤቷ፣ ከመዝገብ ቤቱ የስልክና የበር ጫጫታ ስትመለስ ዝምታው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ይቀበላታል።

ጎረቤቷ መምህርት አገሬ ለእሷም አንድ ሊትር ወተት ገዝታላት በሩ ላይ አገኘቻት። ከጎጃም መጥታ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። «መቶ ሃያ አስገቡት እኮ ወተቱን!» ብላ ጀመረች፤ ከወተት ወደ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርት ወደ ቤት ኪራይ ሄደች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሙ ምን አለ?» አለቻት። ዑባህ ነገረቻት፤ ስለ ዐብዲኑር ግን ምንም አላለችም።

«ታዲያ ምን ታስቢያለሽ? እኔ ብሆን እስካሁን ፈርሜ ነበር» አለች አገሬ። «ያን ቀን አይሱዙው ወደ ኋላ ሲመጣ ረሳሽው? እኔ በመስኮት እያየሁ ጮህኩ፤ ጩኸቴ ለማን ይደርሳል? ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ዒፍራህ ጠጠሯን እየደረደረች ነው። አንቺ ባትደርሺ... ኧረ ተይኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።»

«አልረሳሁትም» አለች ዑባህ። ወተቱን ተቀብላ ገባች።

ቀትር ላይ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ጅግጅጋም ይጋደማል። ጫት የሚቅሙ ወደየፍራሻቸው ይመለሳሉ፣ ሱቆች ይዘጋሉ። ዑባህ ሩዝ ጥዳ፣ የፍየል ሥጋውን ቀቅላ፣ ለአብሽር የሚሄደውን በምሳ ዕቃ አድርጋ፣ ትንሽ ልረፍ ብላ ዒፍራህን አቅፋ ምንጣፉ ላይ ተኛች። ወዲያው ሕልም አየች። ዒፍራህ በዚሁ ሳሎን ቆማ በድምፅ ታወራለች። ድምፁ የሕፃን አይደለም፤ ሞልቶ የሚፈስ፣ ለስለስ ያለ፣ ከሞተች ዓመታት ካለፏት ከዑባህ እናት ጉሮሮ የወጣ የሚመስል ነው። ዑባህ ልጅቷ የምትለውን ቃል አልያዘችም፤ ድምፁን ብቻ፣ እንደ ሙቅ ውኃ እላይዋ ላይ እየፈሰሰ፣ ሰማችው፤ ደስ አላት፣ እንባዋ እስኪመጣ ደስ አላት። አብሽር ከክፍሉ ማዶ ቆሟል። ወለሉን ይረግጣል። ሲሚንቶው ይንቀጠቀጣል፣ ቀዩ አምፖል ይበራል ይጠፋል፣ ማንም ቀና አይልም። እሷም በሕልሟ የአብሽር ርግጫ እግሯ ሥር እየተሰማት፣ ያ ድምፅ እንዳይቋረጥባት ብላ አልዞረችም።

ስትነቃ ዒፍራህ ቀድማ ነቅታ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘርግታ ለራሷ ተረት ታወራለች፤ ድመት ነበረች፣ ድመቷ መኪና ነዳች፣ መኪናው ዝናብ ጠጣ። ዑባህ ጥቂት አየቻትና ትከሻዋን ነካ አድርጋ «እንደኔ መስማት ትፈልጊያለሽ?» አለቻት በእጇ።

ዒፍራህ አሰበች። «አባቴም ይሰማል?»

«አይ፣ አንቺ ብቻ።»

ልጅቷ፣ መኪናው ገና ዝናቡን ጠጥቶ አልጨረሰምና፣ ወደ ጣሪያዋ ተመለሰች።

ብየዳ ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ የበርና የመስኮት ሠራተኞች በተደረደሩበት ነው። ብረት መቁረጫው ሲነሣ መንገደኛው ጆሮውን ይዞ ይሮጣል፤ አብሽር ግን መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ በንዝረቱ ነው የመቁረጫውን ጤንነት የሚያውቀው። ሌሎቹ ባለሙያዎች ማሽናቸው ሲያስቸግራቸው እሱን ጠርተው «ዳስሰው» ይሉታል። ዑባህ ዒፍራህን ከበሩ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሩዙን ሰጠቻት፣ ሙዙን ላጠችላት። ከዚያ አብሽር ፊት ቆመች። ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ፈገግ አለላት፤ ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ቆመ።

«ጠዋት ዋሽቼሃለሁ» አለች። «ዐብዲኑር እወዳታለሁ አላለም። ይህ ነገር ከቤታችን ይነቀልልን ነው ያለው።»

አብሽር ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ብረቱ ላይ አስቀመጣቸው።

«አውቃለሁ» አለ። «የእሱን አፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነብ ነው ያደግሁት። ስለኔ ሲናገር ከንፈሩ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመሰገንከው?»

«አንቺ እንዳታፍሪ። ሰው በአፉ ቢዋሸኝ ለምጄዋለሁ፤ ከፊቱ አነብበዋለሁ። በእጅ የዋሸኝ ሰው ግን አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ብረት እየቆረጥኩ ሳስብ የዋልኩት ሌላ ስንት ጊዜ ይሆን እያልኩ ነው። በሠርጋችን ዕለት አክስትሽ የተናገረችው? የባንኩ ሰውዬ? የትኛው እውነት ነው?»

ዑባህ የባንኩ ሰውዬ የተናገረውንም አለሳልሳለት ነበር። ከጎን ያለው ሱቅ መዶሻ ይመታል፤ የመዶሻው ድምፅ ወደ እሷ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እንደ ክስ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ስለሚመጣው ልጅ የተባለውንም፣ መስኮቱን ለመዝጋት ለምን እንደተነሣችም። ከሁሉ የከበደውን መጨረሻ ላይ አወጣችው፤ «እኔም ተመኝቻለሁ። የሆዴ ልጅ እንዲሰማ ተመኝቻለሁ። ዛሬ በሕልሜ ወለሉን ረግጠህ ስትጠራኝ አልዞርኩም» አለች፤ እጆቿንም ዝቅ አደረገች፤ አብሽርን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣቶቹ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት፤ እንድታየው።

«እኔም ተመኝቻለሁ» አለ። «አይሱዙው የመጣ ቀን ዒፍራህ ትሰማ ዘንድ አላህን ለመንኩ። ለምኜም ሳልጨርስ በራሴ አፈርኩ። አሁንም መኪናውን እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ስለ አባቷ የሚባለውን እንድትሰማ አልፈልግም። ግን ሁለቱ በአንድ ጆሮ ነው የሚገቡት።»

ዒፍራህ የሙዙን ልጣጭ ጠቅልላ ለጎረቤት ሱቅ ፍየል ልትሰጥ ተነሣች። ሁለቱም ዓይናቸው ወደ መንገዱ፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መንገዱ ሄደ። አብሽር እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «ቅጾቹን ስጪኝ፣ ራሴ ላንብባቸው» አለ። በበሩ ጥላ ሥር፣ በተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ። አማርኛውን የተማረው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ሲያነብ የተቃጠለ አውራ ጣቱ ከመስመሩ ሥር ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከባድ ቃል ሲያገኝ ይቆምና ለዑባህ ያሳያታል፣ እሷም የምታውቀውን ትነግረዋለች፣ የማታውቀውን አላውቀውም ትለዋለች። ሰባቱን ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ገበያው ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ፣ የቀብሪበያ ሚኒባስ ረዳቶች «ቀብሪበያ! ቀብሪበያ!» እያሉ ሲጣሩ ተነሣ። ምን እንደወሰነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም፤ ዛሬ የመጠየቅ መብት እንዳላት አልተሰማትም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሦስቱም ክሊኒኩ ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ ረጅም የእንጨት ወንበር አለ፤ አንዲት ሴትዮና ልጇ፣ ክንዱ በጀሶ የታሰረ ወታደር፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዐብዲኑርም የቀረ የመታወቂያ ኮፒ ይዞ መጥቶ ነበር። አብሽር የወንድሙን ትከሻ ነካ አደረገ፣ ቅጾቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስክሪብቶ አወጣ። የመጀመሪያውን ፈረመ። እጁ ከመፈረሙ በፊት እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ ዑባህ አይታለች። ከሱ ሥር እሷም ፈረመች። ሁለተኛው ላይ ግን አብሽር አልፈረመም። ከመፈረሚያው መስመር በላይ፣ ትምህርት ቤት እንደተማረው ፊደሉን እያጠጋጋ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህ ምርመራ በፊት ቢኖር ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር። አልፈቅድም።»

ዐብዲኑር በትከሻው በኩል አነበበው። ፊቱ ተለወጠ። «ይህ ምን ማለት ነው? ሦስት ወር ደጅ የጠናሁት ለዚህ ነው? ንገሪው እስቲ! የሰው ልጅ እንደሱ እንዳይሰቃይ ነው የሚደረገው፣ ማን ይጎዳል በይው!»

ዑባህ እጆቿን አነሣች። ቃል አልቀነሰችም፣ ቃል አልጨመረችም። «እንደሱ እንዳይሰቃይ» ስትል ጣቷ ወደ አብሽር ዞረ፤ አብሽርም አየው፣ እጁንም ማንቀሳቀስ ጀመረ። ዑባህ እንደ ወትሮዋ «እንዲህ ይላል» አላለችም። እሱ «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» አለች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ።

«ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እንጀራዬን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እስክሞት አልረሳውም። ግን እኔ መቼ ተሰቃየሁ? ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለችኝ፣ ይህ ከተማ በሩን የሚያሠራው እኔ ዘንድ ነው። የተሰቃየሁት ባለመስማቴ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን አንዲት ቃል በእጅህ ስላልነገርከኝ ነው። ልጄ ትስማ። በሩ ይከፈትላት፣ ካልፈለገች ስታድግ ራሷ ትዝጋው። እኔ የሌለሁበትን ዓለም ግን ለማንም አልፈርምም።»

ዑባህ በሕይወቷ ሙሉ በወንድ አንደበት ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሥቶላት ነበር። ጀሶ የታሰረው ወታደር ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ፤ ለማን እንደለቀቀ አይታወቅም፤ የተቀመጠው ዐብዲኑር ነው።

«የኔም ደም ውስጥ ተገኘ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ኮፒውን እያጣጠፈ። «ያቺ ቃል። ሐኪሙ ለብቻዬ ነገረኝ። ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ የሠርጓ ቀን ተቆርጧል። የወንዱ ቤት ቢሰማ ምን ይላል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ሥሩ ቢነቀል ያልኩት... ፈርቼ ነው።»

ዑባህ አስተረጎመችው፤ እንደዚያው፣ «ፈርቼ ነው» የሚለውንም። አብሽርም «የፈራኸው የልጅ ልጅህ እኔን እንዳይመስል ነው?» ሲል ጠየቀ። ዑባህ በድምፅ ደገመችው። ዐብዲኑር ወደ ዑባህ ዞረና «ይቅርታ በእጅ እንዴት ነው የሚባለው?» አላት።

ልታሳየው እጇን ስታነሣ አብሽር እጇን ያዝ አደረገው። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «እኔን ራሴን ይጠይቀኝ» አለ፤ እሷም በድምፅ ደገመችው።

ዑባህ ሁለተኛውን ቅጽ አጣጥፋ፣ ሁለቱንም ለዶክተር ናሁሰናይ ሰጠች፤ ሐኪሙ ድምፁን ሰምቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። የአብሽርን ጽሑፍ አነበበና ወረቀቱን ከሌሎቹ ለይቶ በሁለት እጁ ያዘው። «የዒፍራህ ሕክምና እንደተባለው ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ይጠሯችኋል። ከእሷ ጋር የሚሄደው ማን ብዬ ልጻፍ?» አለ። «አባቷ» አለች ዑባህ። ሐኪሙም ጻፈ።

ዐብዲኑር ያን ጊዜ፣ በአምሳ ዓመቱ፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር፣ እጆቹን አነሣ። አፉን አሳየ፣ ደረቱን መታ፣ መዳፎቹን ዘረጋ፤ ገበያ መሐል ዕቃ እንደጠፋበት ሰው። አብሽር ታገሠው። ከዚያ እጁን ይዞ ጣቶቹን አስተካከለለትና «ደግመው» የሚል ምልክት ሰጠው። ዐብዲኑር ደገመው፤ የወጣው ግን በእነ አብሽር ቤት «ሳሙና» የሚባለው ነው። አብሽር ሳቀ፤ ልኩን የማያውቀው፣ ቀጭንና ከፍ ያለ ሳቁ ኮሪደሩን አንቀጠቀጠው፤ ሽማግሌዎቹም ምኑ እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። ዒፍራህ ከእናቷ ጎን ሸርተት ብላ ወጣች። ሄዳ አጎቷ ፊት ቆመች፣ ጉልበቱን ቸብ ቸብ አድርጋ እንዲያያት አደረገች፤ ከዚያ ትልቁን እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣም በቁም ነገር፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈችለት።